አውራ የሌለው መንጋ

ልጆች፣ አስቀድሜ አቆጣጠሩን ላስተካክል፤ ኋላ እንዳይምታታባችሁ። እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት እናንተ ትምህርት ቤት የተማራችሁት የፈረንጁ አቆጣጠር ናቸው። የኢትዮጵያውን ስጠቅስ «በእኛ» እያልሁ እለያለሁ።

ነገሬ ረእደት አዳማ ስለምትሉት፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ነው። ያውም ስለ ትልቁ ብቻ ሳይሆን፣ ቀንና ሌሊት ሳይሉ እየተከታተሉ ስለሚመጡት ስለ ትንንሾቹ። ጁላይ 2018 ኪነሬት ዙሪያ የሆነውን ታስታውሱታላችሁ። በወሩ መጀመሪያ ጀመረና ትቬርያና አካባቢዋ ሲርገበገቡ ሰነበቱ። እኛም ጽፋት ሆነን ይሰማን ነበር። ከሁሉም የበረታው ከ4 ብዙም አላለፈም። እዚህም እዚያም ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ ብርጭቆ ተንቃጨለ እንጂ ሰው አልሞተም። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 2013፣ እንዲሁ ሆኖ ነበር።

ያን ሰሞን ቤት ክኔሴት ደጅ የሚቀመጡ ሽማግሎች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን «ይህማ ምልክት ነው፤ ትልቁ መንገድ ጀምሯል» ይላል። ሌላው ወገን «ተዋት፣ በትንሽ በትንሹ ይውጣላት፤ እንዲህ ስትተነፍስ ትልቁ ይቀራል» ይላል። እኔ ሁለቱንም ንግግር ቀድሞ ሰምቼዋለሁ፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ በሸዋና በወሎ ድንበር፣ ካራ ቆሬ በምትባል የመንገድ ዳር ከተማ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ለምን ልክ እንዳልሆኑ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ለጨዋታ ያህል አይደለም፤ ነገሩ እናትና አባታችሁ የሚተኙበትን ቤት ስለሚነካ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፣ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ይወርዳል። ከላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ነው። ጥቂት ሰዓት በጭነት መኪና ተጠማዝዛችሁ ስትወርዱ ሸዋ ሮቢት ላይ ጋቢውን ጥላችሁ ላብ ትጠርጋላችሁ። ያ ቁልቁለት እንደሌላው ቁልቁለት አይደለም። ምድር የተቀደደችበት ጠርዝ ነው። በስተ ምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ የአፋር ቆላ ተዘርግቷል። አጣዬም፣ ካራ ቆሬም፣ ከሚሴም በዚያ ግድግዳ ሥር በተሰለፈው መንገድ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ማጀቴ ደግሞ ከመንገዱ ገባ ብላ ተራራው ሥር አለች።

በሜይ 1961 መጨረሻ፣ በእኛ ግንቦት 1953 መሆኑ ነው፣ በዚያ አገር ትንንሹ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ሁለት ቀን እየተመላለሰ ቆየ። ከዚያ ለግንቦት 25 አጥቢያ፣ ሌሊት፣ ትልቁ መታ። መጠኑ ከ6 ተኩል የማይርቅ ነበር። ማጀቴ እንዳለች ፈረሰች። ካራ ቆሬ ውስጥ ከመቶ ቤት አርባ አምስቱ ወደቀ። ከካራ ቆሬ በስተ ሰሜን 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ዋና መንገድ ተሰነጣጠቀ፤ ናዳም ወረደበት። አምስት ሺህ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ምድሪቱ ዝም አላለችም፤ ለወራት በሺዎች የሚቆጠር ንዝረት ተከታተለ።

እኔ ያን ጊዜ ወገራ ጥጃ የምጠብቅ ልጅ ነበርሁ። ካራ ቆሬን ያየሁት ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ለመንገድ ጥገና የቀን ሥራ ፍለጋ ወርጄ ነው። ናዳው በየክረምቱ ይመለስ ስለነበር የድጋፍ ግንብ የሚሠራ ሰው ይፈለግ ነበር። የከተማይቱን ስም መጀመሪያ ስሰማ ትዝ ያለኝ የኦሪቱ ቆሬ ነው፣ ምድር አፏን ከፍታ የዋጠችው። ስሙ ከዚያ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ግን ልጅ ሆኖ ኦሪት ከቄስ አፍ እየሰማ ያደገ ሰው ሌላ ምን ያስብ?

የአገሩ ሰው ዘመን የሚቆጥረው በዚያ ሌሊት ነበር። «ይህች ልጅ ከመሬቱ በፊት ነው የተወለደችው»፣ «ያ በሬ ከመሬቱ ወዲህ የተገዛ ነው» ይላሉ። ጠላ የምትሸጥልን ሴት እንደነገረችን፣ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሰማችው የጋኖቿን ድምፅ ነው፤ ጋን ከጋን ጋር ሲንኳኳ አይጥ መስሏት ድመት አስገባች። ከዚያ ግን የቤቱ ምሰሶ ራሱ ሲንጫጫ ልጆቿን ይዛ አውድማ ላይ አደረች። ጎረቤቷ «እንዲህ እያለች ይውጣላት» ብሎ ተኛ። ሌላው «የፍርድ ቀን ደረሰ» ብሎ ከብቱን ነድቶ ወደ ዘመዱ አገር ሄደ። አያችሁ? የቤት ክኔሴቱ ክርክር እዚያም ነበር።

ያን ያህል ኃይል ያለው መንቀጥቀጥ የገደለው ሰው ግን በአሥሮች እንጂ በመቶዎች አይቆጠርም። አደጋው ከነበረበት መጠን አንጻር ጥቂት ነው። ሰው ሁሉ ውጭ ስላደረ አይደለም። ጎጆ ቤት ምን እንደሆነ ፎቶ ላይ እንጂ በዓይናችሁ አላያችሁም፤ እንጨት በልጥና በሐረግ ታስሮ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ ሣር ይለብሳል። ምድር ስትወዛወዝ አብሮ ይወዛወዛል። ቢወድቅ እንኳ የሚጫናችሁ ሣርና ማገር ነው፤ ወገብ ያጎብጣል እንጂ ደረት አይደፈጥጥም። እዚህ ስንመጣ «ጭቃ ቤት ውስጥ ነበር የምንኖረው» እያልን ስናፍር የኖርነው ቤት እንዲህ ያለ ቤት ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ጥቂት ልናገርና ልለፍ። በካምፑ ውስጥ ሠራተኛው ማታ ማታ «ምድር ለምን ተንቀጠቀጠች?» የሚለውን አያነሣ ቀርቶ አያውቅም። አንዱ የታኅሣሡ ግርግር ደም ነው ይላል፤ መንቀጥቀጡ የመጣው ንጉሡን ለመገልበጥ የተሞከረበት ዲሴምበር 1960 ካለፈ ገና ስድስት ወር ሳይሞላ ነበርና። ሌላው ደግሞ «ጠይብ ያለበት አገር ምድሩ አይረጋም» ይላል። እኔ የጠይብ ልጅ ነኝ። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ። የጎንደር ገበሬ ልጅ ነኝ ብዬ ነበር የገባሁት። አንድ ቀን የዶማዬ ጫፍ ሲዶለዱም እሳት አንድጄ አግዬ ቀጠቀጥሁትና ውሃ አጠጣሁት፤ እጄ የለመደውን ነው። አጠገቤ የነበረው ሰው አየኝና «ይህን ማን አስተማረህ?» አለኝ። በማግሥቱ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ የሚበላ ጠፋ። ወሬው ካራ ቆሬን ያፈረሱት የእኔ ወገኖች ናቸው እስከማለት ሲደርስ፣ አንድ የአገሩ ሽማግሌ፣ ሙስሊም ነበሩ፣ ሳቁና «እናንተ ሰዎች፣ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ይህ ልጅ ወገራ ላይ ጥጃ ይጠብቅ አልነበረም? ጥጃው ነው ያንቀጠቀጠው በሉን እንግዲህ» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ነገሩ በረደ። ትሪው ግን አልተመለሰም። እኔም የወሩን ደሞዜን ተቀብዬ ወጣሁ።

ይህን ያነሣሁት ቂም ልተክልባችሁ አይደለም። መንቀጥቀጥ ምክንያቱ ካልታወቀ ጥፋተኛ ይፈለግለታል፤ ጥፋተኛ ሲፈለግ ደግሞ እንደ እኛ ያለው ሰው ቅርብ ነው። እኔ በዚያ ካምፕ ስሸሽ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አንድ ሰው እኛ ሁላችን የምንጨቃጨቅበትን ነገር በወረቀት ላይ ይዞት ነበር። ያን የሰማሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው።

ሰውየው ፒየር ጉዋን ይባላል፤ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ቄስና የምድር ሳይንስ ሊቅ ነው። በ1957 የተመሠረተውን የአዲስ አበባውን የምድር ፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ያቋቋመው እርሱ ነው። የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ሲመጣ መሣሪያው ይሠራ ስለነበር፣ ሕዝቡ አውድማ ላይ ሲያድር ጣቢያው እያንዳንዱን ንዝረት ይመዘግብ ነበር። ጉዋን በዚህ ብቻ አላበቃም። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል፣ የመንገደኞችን ማስታወሻ፣ ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ እየፈተሸ፣ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የታወቀውን መንቀጥቀጥ ሁሉ ሰበሰበ፤ መጽሐፉ በ1979 ታተመ። ለእኔ ያ መጽሐፍ የፍርድ ቤት ውሳኔ ማለት ነው። አንኮበር በዲሴምበር 1842፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬቱ ተንቀጥቅጦ ከነቁልቁለቱ ተንዶ ቤትና ሰው ይዞ ወርዷል። በኦገስት 1906 ከላንጋኖ በኩል የተነሣው አዲስ አበባን አስደንግጧል፤ ምኒልክ ነበሩ። ከእኔ ካምፕ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በማርች 1969፣ አፋር ውስጥ ሰርዶ የምትባለው መንደር ፈርሳለች። ደም ፈሰሰም አልፈሰሰም፣ ጠይብ ኖረም አልኖረም፣ በዚያው ቅድ ዳር ምድር ስትንቀጠቀጥ ኖራለች።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው? በአፋር ሦስት ቅዶች ይገናኛሉ፤ ቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የምሥራቁ ወገን ከምዕራቡ በዓመት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ጥፍራችሁ ከዚያ ይፈጥናል። ግን አለቱ እንደ ጥፍር ለስልሶ አያድግም፤ ተወጥሮ ተወጥሮ ይሰነጠቃል። ከሥር ደግሞ የቀለጠ አለት አለ። መውጫ ሲያጣ ወደ ጎን በስንጥቁ ይገባል፣ ሽብልቅ ግንድ ውስጥ እንደሚገባ። ግንድ ስትፈልጡ ሽብልቁ በተመታ ቁጥር ጧ ጧ የሚለውን ታውቃላችሁ፤ አታውቁም መሰለኝ፣ እናንተ ያደጋችሁት በጋዝ ምድጃ ነው። ብቻ እያንዳንዱ ጧ ማለት አንድ ትንሽ መንቀጥቀጥ ማለት ነው።

ሳይንቲስቶች እንዲህ ያለውን «መንጋ» ይሉታል። የተለመደው መንቀጥቀጥ አውራ አለው፤ ትልቁ ይመታል፣ ተከታዮቹ እያነሱና እየራቁ ይሄዳሉ። መንጋው ግን አውራ የለውም። አንዱ ከሌላው ብዙም አይበልጥም፤ ይመጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይመጣል። የካራ ቆሬው በሕጉ መሠረት መንጋ አይባልም፤ መጨረሻ ላይ አውራው መጣ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ግንቦት 23 ቀን ማታ ካራ ቆሬ የተቀመጠ ሰው፣ ሊቅም ቢሆን፣ የሚሰማው ነገር አውራ ያለው ይሁን የሌለው ይሁን የሚለይበት መንገድ የለውም። የሚለየው ካለፈ በኋላ ነው።

በሴፕቴምበር 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ የሆነው የመንጋ ትልቁ ምሳሌ ነው። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ከመቶ ስድሳ በላይ ለየብቻቸው ሊሰሙ የሚችሉ መንቀጥቀጦች ተቆጠሩ። የቀለጠው አለት 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ስንጥቅ ገባ፤ መሬቱ አንዳንድ ቦታ እስከ ስምንት ሜትር ተከፈተ። የዓለም ሊቃውንት እስካሁን የሚያጠኑት ነገር ነው። አካባቢው ሰው የሚበዛበት ስላልነበረ ግን እናንተ ጆሮ አልደረሰም።

የደረሰው የፈንታሌው ነው። በሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ አዋሽ አካባቢ ጀመረ፤ ትንሽ ጋብ አለና በዲሴምበር ሁለተኛ አጋማሽ ብሶበት ተመለሰ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2025 ከ5 ተኩል ያለፈ መጣ። በዚያው ሰሞን ዶፈን ተራራ ሥር እንፋሎትና ጭቃ ፈነዳ፤ ቪዲዮው በዋትሳፕ እዚህ ድረስ ደረሰ። ፌብሩዋሪ 14 ላይ 6 ደረሰ። ከ60 ሺህ በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። የከሰም ግድብ ይሰበር ይሆን ብሎ ሁሉም ተጨነቀ። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ኮንዶሚንየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ሌሊት ሌሊት እየደወለች «አጎቴ፣ መብራቱ ይወዛወዛል፣ ልውረድ ወይስ ልተኛ?» ትለኝ ነበር። ከፈንታሌ እስከ አዲስ አበባ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው፤ ፎቅ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣውን ቀስ ያለ ውዝዋዜ አጉልቶ ይሰማል። ፈንታሌም እንደ ዳባሁ የቀለጠ አለት ሽብልቅ ነበር፤ ሳተላይት ከላይ ሆኖ መሬቱ ሲከፈት አይቶታል። ተራራው ግን ብዙ ሰው እንደፈራው አልፈነዳም። መንጋው እየሳሳ ሄደ።

አሁን ወደዚህ አገር እንምጣ። ከአፋር እስከ ኪነሬት ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። አገናኝቶታል። ቀይ ባሕር የሚከፈተው የዓረቢያ ምድር ከአፍሪካ ስለሚርቅ ነው። ወደ ሰሜን ስትወጡ ቅዱ ሲና ላይ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሱዌዝ፣ ሌላው ወደ ኤላት። የኤላቱ በዐረባ፣ በያም ሃሜላሕ፣ በዮርዳኖስ ሸለቆ፣ በኪነሬት አልፎ በሑላ ወደ ሊባኖስ ይሄዳል። እዚህ ግን እንደ ኢትዮጵያ በሰፊው አይከፈትም፤ ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን ይንሸራተታሉ፣ የዮርዳኖሱ ወገን ወደ ሰሜን። ፍጥነቱም ያው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ በዓመት ነው። ከአፋር የሚርቀው የዓረቢያ ምድር በደጃችን የሚያልፈው እርሱ ራሱ ነው። ወገራን ለቅቄ፣ በሱዳን ሳይሆን በ1991 በአውሮፕላን መጥቼ፣ ጽፋት ላይ ስወርድ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ ነው የተዛወርሁት።

የኪነሬቱ መንጋ መነሻው ግን ሽብልቁ አይደለም። እዚያ የቀለጠ አለት የለም። የእስራኤል ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት የ2013ንና የ2018ን መንጋዎች ከከርሰ ምድር ውሃ መሳብ ጋር አያይዘዋቸዋል። ውሃው ሲሳብ በአለቱ ላይ ያለው ጭነትና ግፊት ይለወጣል፤ አስቀድሞ የተወጠረው ስንጥቅ ያንን ምክንያት አድርጎ ይንቀሳቀሳል። ወጥረቱን ውሃው አላመጣውም። ወጥረቱ የቆየ ነው።

ምን ያህል የቆየ? ቤት ሸአን የሄደ ሰው ዓምዶቹን አይቷል፤ ተደርድረው የወደቁት በጃንዋሪ 749 መንቀጥቀጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያነሣቸው አፈር ለበሱ። ጽፋት ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1837 ፈረሰች። ያን ጊዜ ቤቱ በተራራው ጎን ደረጃ በደረጃ የተሠራ ድንጋይ ነበር፤ የታችኛው ጣሪያ ለላይኛው ግቢ ነው። የላይኛው በታችኛው ላይ ወደቀ፣ ያም ከርሱ በታች ባለው። የሞተው በሺዎች ነው፤ ትቬርያም አብራ ተጎዳች። አንኮበር ከነቁልቁለቷ የወረደችው ከዚህ ስድስት ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል፤ ሁለት የተራራ ከተሞች፣ በአንድ ትልቅ ቅድ ሁለት ጫፍ። በጁላይ 1927 ደግሞ ከያም ሃሜላሕ በስተ ሰሜን የተነሣው ኢያሪኮን፣ ናብሉስንና ኢየሩሳሌምን መታ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ከ1927 ወዲህ ያን የመሰለ በዚህ አገር መሐል አልመጣም። ከ1837 ወዲህ ሁለቱ ወገኖች ሊንሸራተቱ የሚገባቸው ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል።

«በትንሽ በትንሹ ይውጣላት» ለሚለው መልሱ ሒሳብ ነው፤ እናንተ ከእኔ ትሻላላችሁ። የመንቀጥቀጥ ቁጥር አንድ ሲጨምር ኃይሉ በአንድ አይጨምርም፤ ሠላሳ ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ አንድ የ6 መንቀጥቀጥ የሚያወጣውን ኃይል በ4 ለማውጣት አንድ ሺህ ያስፈልጋል። የ7ን ለማውጣት ከሠላሳ ሺህ በላይ። በ2018 ኪነሬት ላይ የመጡት 4 የሚደርሱ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ማሰሮ ሙሉ ውሃ በማንኪያ ጠልቆ እንደመጨረስ ነው፤ ምንጩ ከሥር እየሞላ።

«ትልቁ መንገድ ጀምሯል» ለሚለውም መልስ አለ፤ ብዙው መንጋ ምንም ሳያስከትል ይበተናል። የ2013ቱም የ2018ቱም ተበትኗል። ግን ደግሞ በ1993 ከኤላት በታች ባለው ባሕረ ሰላጤ መንጋ መጥቶ ሄደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1995፣ እዚያው ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከ7 ያለፈ መጣ። የ1961ዱም ትንንሾቹን አስቀድሞ ነው የመጣው። ትንንሾቹን ተቀምጦ ማንበብ ለማንም አልተሰጠም። ለሰው የተተወለት ቤቱ ነው።

ስለዚህ ስለ ቤቱ። ከዚህ በላይ የጻፍሁት ሁሉ ወደዚህ ለመምጣት ነው። የእኛ ሰው እዚህ አገር ቤት ሲገዛ ገንዘቡ በደረሰበት ነው የገዛው፤ በጽፋት፣ በአፉላ፣ በትቬርያ፣ በ50ዎቹና በ60ዎቹ በተሠራ ሺኩን ውስጥ። ሕንጻ መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም የሚያዘው የእስራኤል ደንብ ቁጥር 413 ከ1975 ነው፤ በሥራ ላይ በደንብ ዋለ የሚባለው ግን ከ1980 ወዲህ ፈቃድ ባገኙት ሕንጻዎች ነው። ከዚያ በፊት የተሠራው ያለዚህ ሒሳብ የተሠራ ነው። ከሁሉም የሚያሠጋው ምድር ቤቱ ክፍት ሆኖ በቀጫጭን ዓምዶች ላይ የቆመው ነው፣ መኪና የሚቆምበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት። ከላይ ከባድ ሣጥን፣ ከታች ቀጭን እግር። ጎጆው አብሮ ይወዛወዛል አልኋችሁ፤ ይህ ግን እግሩ ከተሰበረ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይቀመጣል።

መንግሥት ይህን አላወቀም አይባልም። ታማ 38 የተባለው ዕቅድ በ2005 የወጣው ለዚሁ ነው። ነገር ግን የተሠራበት ዘዴ ቃብላኑ ሕንጻውን አጠንክሮ፣ በለውጡ ተጨማሪ ቤት ከላይ ሠርቶ ሸጦ እንዲያተርፍ ነበር። ስለዚህ ቃብላን ይሄድ የነበረው ቤት ውድ ወደሆነበት፣ ወደ ቴል አቪቭና ወደ ራማት ጋን ነበር። ቅዱ ያለው ግን እኛ ጋ ነው፤ እዚህ አንድ ቤት ቢጨምር ወጪውን አይመልስለትም። እኔ ይህን ሳይ በግልጽ እናገራለሁ፦ አደጋው ባለበት ገንዘቡ የለም፣ ገንዘቡ ባለበት አደጋው ያንሳል። ይህን የሚጮህ ሰው ከእናንተ መካከል መውጣት አለበት፤ የእኛ ዕብራይስጥ ከኢሪያ ደጅ አያልፍም።

ሌላ አንድ ነገር አለ፣ በእኛ ዕድሜ ላለነው። ሲሬና ሲጮህ ሚክላት መውረድ ለምደናል፤ ጽፋት ላይ ከሊባኖስ ሲተኮስ ደረጃውን በሌሊት ስንወርድ ጉልበታችን አለቀ። ከ2022 ወዲህ ደግሞ ትሩዓ የሚባል የመንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በስልክም ይመጣል፤ የሚሰጠው ጊዜ ሴኮንዶች ነው። እናቶቻችሁ ያንን ድምፅ ሲሰሙ እግራቸው ወደ ምድር ቤቱ ሚክላት ነው የሚሮጠው። ፒኩድ ሃኦሬፍ የሚለው ግን ሌላ ነው። ቶሎ መውጣት የምትችል ከሆነ፣ ምድር ቤት ላይ ያለህ፣ ውጣና ከሕንጻ ራቅ። ካልቻልህ ማማድ ካለህ ግባ፤ በሩን ግን አትዝጋ፣ ክፍት ተወው፣ ከተጣመመ አይከፈትልህምና። ማማድ ከሌለህ ደረጃው ጋ፣ ከቻልህም ወርደህ ውጣ። ያም ካልሆነ ከባድ ጠረጴዛ ሥር ወይም የውስጥ ግድግዳ ጥግ። ይህን በአማርኛ፣ በቃል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ንገሯቸው። ወረቀት አትስጧቸው፤ ከማግኔት ጋር ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፍና እዚያው ያረጃል።

የሚያኖራችሁን ሕንጻ ዘመን ለማወቅ የግንባታ ፈቃዱን፣ ሄተር ብኒያ የምትሉትን፣ ከኢሪያ ማውጣት ይቻላል። የእኛን ልጄ ባለፈው ክረምት አወጣችው። 1968 ይላል። ከሥር ያሉት ዓምዶች አሥራ ሁለት ናቸው፤ በአንዱ ላይ ብረቱ ዝጎ ወጥቷል። ቫአድ ባይት ተሰብስበን ተነጋገርን፤ ከስምንቱ ቤተሰብ ስድስቱ መጡ። መሐንዲስ ይየው በሚለው ተስማምተናል፤ ለመሐንዲሱ የሚከፈለውን እያዋጣን ነው፤ ሁለቱን ቤት የሚያከራይ ሰው ግን እስካሁን ስልክ አያነሣም። እስከዚያው ከአልጋችን ራስጌ የቆመውን ቁም ሣጥን ልጄ በብረት ከግድግዳው ጋር አሰረችው።